የጋላባት መንገድና የመፍቻ ከረጢት

ከጦርነቱ በፊት በአንድ ቀን ከጋላባት ወደ ገዳሪፍ ቡና ጭነን በሞተር ስንሄድ፣ ዶካ ሳንደርስ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ልጁ ጎበዝ ነጂ ነው፤ ግን ማስቲሽም መንፊያም አልያዘም። ስንገፋ መሸብን። በማግስቱ ስደርስ ደንበኛዬ ከሌላ ሰው ገዝቶ ጨርሷል። ያን ቀን ከከሰርኩት ብር ይልቅ የቆጨኝ አባቶቻችን የሚያውቁትን መርሳታችን ነው።

መተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቡና፣ ሰምና ጥጥ የሚገናኙባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ከጎንደር በበቅሎና በአህያ፣ ከሱዳን በግመል ይመጣ ነበር። ጠፍር ሲበጠስ ጭነት ይወድቃል፤ ስለዚህ ነጋዴ ያለ ወስፌና ያለ ትርፍ ጠፍር አይነሳም። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የቆሰሉበት ጦርነት የተካሄደው እዚሁ ገበያ ላይ ነው።

ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው የእንግሊዝ ወገን ጦር ጋላባትን ከጣሊያን አስለቀቀ። ታንኮቹ ግን በድንጋይና በፈንጂ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ ቆሙ። መለዋወጫ የጫነው መኪና በአውሮፕላን ተመትቶ ተቃጠለ። ጦሩ መተማን ሳይዝ፣ የያዘውንም ጋላባት ለቆ አፈገፈገ።

እኔ ከዚህ ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛ፣ በዚህ መንገድ ቀድሞ የሚበጠሰው ትንሹ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ መጠገኛን ሁሉ አንድ ቦታ ማድረግ አደጋ አለው።

ስለዚህ ዛሬ ሞተር ስኮናተር አስቀድሜ ከረጢቱን አስፈታለሁ። የካንዴላ ቁልፍና አንድ ትርፍ ካንዴላ፣ 10፣ 12 እና 14 ቁጥር ቁልፍ፣ የኋላውን ጎማ የሚፈታው ትልቁ ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የጎማ ማውለቂያ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ ትንሽ መንፊያ፣ የካቴና ማያያዣ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ ሽቦ። ቁልፎቹ እንዳይንኳኩ በአሮጌ ካላማዳሪ ይጠቀለላሉ፤ ከመቀመጫ ስር ይገባሉ። ትርፉ ካላማዳሪና መንፊያው ግን እኔ ቦርሳ ውስጥ ናቸው። ሞተሩ ቢሰረቅም ቢወድቅም ግማሹ ይተርፋል።

ነጂው «እታለም፣ መንገዱ እኮ አስፋልት ነው» ቢላችሁ አትስሙት። አስፋልት ሚስማር አይከለክልም። ከመነሳታችሁ በፊት «ፍታው፣ ልየው» በሉ።