ያልተለካ መሬት

ጎጃምን አባይ ጠበቀው ይባላል። ካርታ የዘረጋ ሁሉ ይህን ለማለት ይቸኩላል፤ ወንዙ ከጣና ወጥቶ በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ ወደ ምዕራብ ሲወርድ አገሩን ከሦስት በኩል ያቅፈዋልና። እኔ ግን ሮብ ገበያ፣ ከጮቄ ሥር ያደግሁ የጭቃ ሹም የልጅ ልጅ ነኝ። አያቴ የድሮውን ሲያወጉ ገደሉን እምብዛም አያነሡም ነበር። ሲናገሩ ድምፃቸው የሚለወጠው የቀላድ፣ የመሬት መለኪያው ገመድ፣ ነገር ሲነሣ ነው።

ገደሉማ ማንን አገደ? ጥር 1873 ዓ.ም. የጎጃምና የካፋ ንጉሥ ተብለው የነገሡት ተክለ ሃይማኖት ከአባይ ማዶ ያለውን ወርቅና ቡና ፈልገው ተሻገሩ። ያ ሀብት ድሮም ገደሉን እየወጣ ባሶ ገበያ ይደርስ ነበር። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ምኒልክ ድል ነሥተው ማረኳቸው፤ የደቡቡም ንግድ ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ። ተክለ ሃይማኖት በ1893 ዓ.ም. ሲያርፉ ምኒልክ ጎጃምን ለተለያዩ ሹማምንት ከፋፈሉት፤ አባይ ምንም አላለም። በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ተሽረው ራስ እምሩ ሲሾሙም እንዲሁ። ጣሊያንም ደብረ ማርቆስ ገብቷል። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በሱዳን ድንበር በኦሜድላ በኩል ገብተው፣ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ። ጦር ሁሌም መንገድ አያጣም።

መንገድ ያጣው ግብር ተማኙ ነው።

የአያቴ ሥራ እንዲህ ነበር። ርስት ከአቅኚ አባት ይቆጠራል፤ በአባትም በእናትም መውረድ ስለሚቻል አንድ ሰው በብዙ ቦታ ባለ ርስት ይሆናል። ክርክሩም አያልቅም። መንግሥት የሚያውቀው የአቅኚውን ስምና በዚያ ስም የተጣለውን ጥቅል ግብር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሰው ስንት ጥማድ እንደሚያርስ አያውቅም። ጥቅሉን በየቤቱ የሚያከፋፍለው፣ የሚሰበስበውና ወደ ማርቆስ የሚያደርሰው ጭቃ ሹሙ ነው። ስለዚህ መሬቱን በልቡ የያዘ የአገሩ ሰው እንጂ መዝገብ ቤት አልነበረም። በደቡቡ ግን ቀላድ ተጥሎ መሬቱ በጋሻ ተሸንሽኗል፤ የተረፈው ለነፍጠኛና ለባላባት ተሰጥቶ ገበሬው ጭሰኛ ሆኗል። ጎጃሜ ይህን ከነጋዴ ይሰማል። ስለዚህ ገመድ የያዘ ሰው ሲያይ የሚታየው ልኬት አይደለም፤ ነቅሎ መጣል ነው። ፍርሃቱ መሠረት እንዳለው አሁንም አምናለሁ። ናፖሊዮን ከ1807 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፈረንሳይን እርሻ ያስለካው ለውበቱ ብሎ አይደለም፤ ለግብር ነው።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፈለ፤ ይህ ደግሞ ያለ ልኬት አይሆንም። ጎጃም እምቢ አለ። በ1937 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ ሲወጣ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ በ1927 ዓ.ም. ይከፍሉት የነበረውን እንዲከፍሉ ተተወላቸው። ጠመንጃ ታጥቆ ጣሊያንን የተዋጋ ገበሬ ላይ ቀላድ መጣል ለመንግሥቱም ቀላል አልነበረም።

ትልቁ እምቢታ የመጣው በ1960 ዓ.ም. ነው። አስራት ቀርቶ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር ይከፈል የሚል አዋጅ ወጣ። ሕጉ በወረቀት ሲያዩት ክፉ አይደለም፤ ከትልቅ ባለ መሬት የበለጠ ለመውሰድ የታሰበ ነበር። ካወጣው ፓርላማም የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ከ1950 ዓ.ም. ወዲህ በምርጫ የቆመ ነው። ግን ፓርቲ የለም፤ ንብረት የሌለውም ለእጩነት አይቀርብም። የጮቄ ገበሬ ድምፁን የሰጠው ገበያ ነው። ሮብ እዚህ የተወራው በማግስቱ ሌላ ገበያ ያድራል፤ ሳምንት ሳይሞላ ወረዳው ሁሉ ይሰማዋል። ድሮ ነጋሪት እየተመታ አዋጅ የሚነገርበት ያው ሜዳ አሁን አዋጅ የሚፈርስበት ሆነ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሣ። ገበሬው ግምቱ ወደ ልኬት ያመራል ብሎ ፈርቶ ገማች እንዳይገባ ከለከለ፤ መሪዎቹንም ራሱ መረጠ።

ጦር ተላከ፤ አውሮፕላንም። የዚያን ጊዜ ሠራዊት አብዛኛው ትጥቁ የአሜሪካ ነው፤ አሜሪካም ይህን የምትሰጠው አሥመራ ላለው የቃኘው ጣቢያዋ ስትል ነበር። እንዲያም ሆኖ ባሌ ገና አልበረደም፤ ኤርትራም እየነደደ ነበር። ሦስተኛ እሳት የማይቻል ሆነና ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ የተጠራቀመው ውዝፍም ተማረ። አያቴ ይህን ሲያወሩ አይፎክሩም። «ሰው አልቋል» ይላሉ፤ ቀጥለው ግን «ግን አልለኩትም» ይሉ ነበር።

አያቴ ያልገመቱት ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ርስት የሚባለው ሁሉ በአንድ አዋጅ ቀረ፤ መሬቱ የሕዝብ ሆነ። በ1989 ዓ.ም. ድልድል ሲመጣ የድሮ ሹም ቤተሰብ «ቅሪት ፊውዳል» ተብሎ ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተወሰነ፤ የእኛም ቤት ተቀነሰ። የቀነሱት ኮሚቴዎች ከዚሁ ቀበሌ ናቸው፤ መሬቱን ጥማድ በጥማድ ያውቁታል። ውጭ ሰው አላስፈለገም።

ቀጥሎ የይዞታ ደብተር መጣ። በድልድል የተቃጠለ ገበሬ ነገ ደግሞ እንዳይወሰድበት ደብተሩን ለማግኘት ራሱ ተሰለፈ፤ ወሰኑን እያሳየ ለኪዎችን ዙሪያውን አዞረ። አባቴም ከተሰለፉት አንዱ ነበር። ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ይጻፋል። እናቴ በርስት ዘመን ድርሻዋን ከወንድሞቿ ለማግኘት ዳኛ ፊት መሟገት ነበረባት፤ አሁን ስሟ ከአባቴ ስም እኩል ተጽፎ፣ ስፋቱም በሄክታር ተቆጥሮ ሳጥኗ ውስጥ ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘችው እሷ ናት።