ከወንፈል እስከ ዩኒየን፦ በነጻ የሚያገለግልና በክፍያ የሚሠራ ሰው እርካታ

እንደሚታወቀው በኅብረት መሥራት ለሐይቅና ለአምባሰል ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። የኅብረት ሥራ ሕግ ከመምጣቱ በፊት ወንፈል፣ ደቦና ቅሬ ነበሩ። በወንፈል የዋለ ሰው ተራው ሲደርስ ጉልበቱ ይመለስለታል። በደቦ የዋለ በልቶ፣ ጠጥቶና ተመርቆ ይሄዳል። ቅሬተኛውም ነገ ሐዘን ቢደርስበት ሰው እንደሚደርስለት ያውቃል። በመሆኑም ገንዘብ የሚቀበል ባይኖርም በከንቱ የደከመ አልነበረም።

በክፍያ የሚሠራ የጋራ ሥራ በሰፊው የመጣው ከድርቅ ጋር ነው። በ1970ዎቹ በዓለም ምግብ ፕሮግራም ድጋፍ በወሎ ተዳፋት ላይ እርከን ሲሠራ፣ የቀን ክፍያው 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ነበር። ክፍያው በተለይ ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ለብዙ ቤተሰብ ደርሷል። ይሁን እንጂ የትኛው ተራራ እንደሚከለል በአብዛኛው የሚወሰነው ከላይ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ዛፉ ተቆረጠ፣ እርከኑም ፈረሰ። ክፍያ ብቻውን ሥራን የራስ እንደማያደርግ ከዚህ እንረዳለን።

በማኅበር ስም የተሠራውም ሁሉ በፈቃድ አልነበረም። በደርግ ዘመን የአምራቾች ማኅበራት አባል ድካሙ በሥራ ነጥብ ይታሰብለት ነበር። ብዙው ሳይወድ የገባ ስለነበር፣ በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አብዛኞቹ ወዲያው ፈረሱ።

ኋላም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት እየተከፈለ፣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በተፋሰስ ልማት በነጻ ጉልበት ተሠርቷል። አንዱ ጎረቤት ተከፍሎት ሌላው በነጻ ሲቆፍር ማጉረምረም አይቀርም። ከተከለለው ቦታ ሣር አጭዶ የሚወስድ ሰው ግን እርከኑን የሚጠብቀው ማንም ሳያዘው ነው።

ይህ ታሪክ ለማኅበሮቻችንም ይሠራል። በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ ኋላም በተተካበት በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት አባላት የሚመርጡት ሥራ አመራር አለ፤ በደመወዝ የሚቀጠሩ ሠራተኞችም አሉ። የኮሚቴ አባሉ በእርሻ ወራት በሬውን ፈትቶ የማዳበሪያ ኩንታል ሲቆጥር ይውላል። ምስጋናው ሐሜት ከሆነ በሚቀጥለው ምርጫ ማን ይቀርባል? የሂሳብ ሠራተኛውስ ደመወዝ ቢያገኝም ምክሩን የሚሰማው ካጣ ምን ያቆየዋል?

ስለሆነም በነጻ ለሚያገለግለው ወጪውን መሸፈን፣ ሪፖርቱን በጉባኤ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ፣ ተራውንም መቀበል ይገባል። ለተቀጣሪው ደግሞ ግልጽ የሥራ ድርሻና ወቅታዊ ውሳኔ ያስፈልገዋል። ኃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ሸክሙን እንካፈል።