«የለም» የሚለው ማሽን፦ የአንድ መልስ ታሪክ

ኮምፒውተር መማር ከጀመሩት እህቶቻችን መካከል ከሴሊኒየም ጋር የተዋወቀች ሁሉ አንድ መልስ በደንብ ታውቃለች፦ «ኖ ሳች ኤለመንት»። እንዲህ የሚባል ነገር እዚህ ገጽ ላይ የለም ማለት ነው። ቁልፉ ግን እኮ ዓይኗ ሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል! እሷ ታየዋለች፣ ማሽኑ የለም ይላታል። ከዚያ ጥፋቱን ወደ ራሷ ትወስዳለች።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ብራውዘር የምንለው ክሮምን፣ ፋየርፎክስን፣ ሳፋሪን ነው፤ በስልካችን ገጽ የምንከፍትበት። ስክሪፕት ደግሞ ብራውዘሩን የሚያዝ አጭር ጽሑፍ ነው፦ ይህን ገጽ ክፈት፣ እዚህ ሳጥን ውስጥ ስም ጻፍ፣ ያንን ቁልፍ ተጫን። ኩባንያዎች አዲስ ገጽ ለሰው ከመልቀቃቸው በፊት በዚህ መንገድ ይፈትኑታል። ሥራው ቴስቲንግ ይባላል፤ ከአንዳንዶቻችን ልብ የገባውም ኮንትራት ሲያልቅ ሌላ እንጀራ ይሆን ይሆናል ብለን ነው። በዕረፍት ቀን አብረውኝ ከሚማሩት አንዷ በዚህች መልስ የተነሣ ልትተወው ደርሳ ነበር። «እኔ ድሮም ለዚህ አልተፈጠርኩም» አለችኝ። ስምንት ዓመት የሰው ቤት ስታቀና የኖረች፣ ሌሊት በተውሶ ላፕቶፕ የምታጠና ሴት ናት። ይህን ታሪክ ለመጻፍ የተነሣሁት በእሷ ምክንያት ነው። መልሱ ከየት እንደመጣ ያወቀች ሴት በቀላሉ አትደነግጥለትም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1989 ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን የምርምር ማዕከል የድረ ገጽን ሐሳብ ሲያቀርብ፣ በ1991ም ነገሩ ለሕዝብ ሲከፈት፣ ገጽ ማለት እንደ ደብዳቤ ነበር። ፖስታው ሲደርስ ጽሑፉ በሙሉ ውስጡ ነው። ከደረሰ በኋላ የሚጨመርበትም የሚቀነስበትም የለም። ያን ጊዜ ስክሪፕት ቢኖር ኖሮ ኑሮው ቀላል በሆነለት፦ ገጹ ደረሰ ማለት ሁሉም ነገር ደረሰ ማለት ነዋ።

በ1995 ኔትስኬፕ ውስጥ ይሠራ የነበረው ብሬንደን አይክ ጃቫስክሪፕት የሚባለውን ቋንቋ የመጀመሪያ መልክ በ10 ቀን ጻፈው። አሥር ቀን! እኛ ሀገር የሰርግ ጠላ እንኳ ከዚያ በላይ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ራሱን በራሱ መጻፍ ጀመረ። በ1999 ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5ን ሲያወጣ፣ ገጹ ሳይዘጋና ሳይከፈት ከጀርባ ተጨማሪ ነገር የሚያስመጣበትን መንገድ አስገባበት። የፈለጉት የኢሜይል ሥራቸውን ለማቅለል ነበር። ሚያዝያ 1 ቀን 2004 ጉግል ጂሜይልን ሲከፍት፣ በ2005 ደግሞ የካርታ ገጹን ሲያወጣ፣ መንገዱ የዓለም ሁሉ ሆነ። በዚያው በ2005 ጄሲ ጄምስ ጋሬት የተባለ ሰው «ኤጃክስ» ብሎ ስም አወጣለት።

ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? መሶቡ ቀድሞ ይቀርባል፣ ወጡ በኋላ ይመጣል ማለት ነው። ገጹ ተከፍቷል፣ ርዕሱ ይታያል፤ ቁልፉ ግን ገና ከማድ ቤት አልወጣም። ሰው ሲሆን ትንሽ ይጠብቃል፤ መጠበቁንም ልብ አይለውም። ማሽን ግን መሶቡን ከፍቶ «ወጥ የለም» ብሎ ይሄዳል።

ሴሊኒየም የተወለደው በዚሁ በ2004 ነው። ቺካጎ ውስጥ ቶትዎርክስ በሚባል ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጄሰን ሀጊንስ፣ ሠራተኞች የሥራ ሰዓታቸውንና ወጪያቸውን የሚሞሉበትን የውስጥ ገጽ በየጊዜው በእጁ እየነካካ መፈተን ሰለቸው። ስለዚህ ብራውዘሩን የሚነዳ ነገር በጃቫስክሪፕት ሠራ። ስሙ የመጣው ከቀልድ ነው። በዚያን ጊዜ የዚህን ሥራ ገበያ ከያዙት አንዱ ሜርኩሪ የሚባል ኩባንያ ነበር፤ ሜርኩሪ ደግሞ መርዛም ብረት ነው። የሜርኩሪ መመረዝ በሴሊኒየም ይድናል ተብሎ ተቀለደና ስሙ ጸደቀ። ሜርኩሪን በ2006 ኤችፒ በ4.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ሴሊኒየም ግን በነጻ ተሰጠ፤ ዛሬም በነጻ ነው። እንደኛ ላለ፣ ደመወዙ ሀገር ቤት ከመድረሱ በፊት አልቆ ለሚያድር ሰው፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው ሴሊኒየም ገጹ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ስለነበር ከአንድ የቆየ ሕግ ጋር ተጋጨ። ሕጉ የመጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ከጃቫስክሪፕት ጋር ነው፦ ከአንድ አድራሻ የመጣ ኮድ ከሌላ አድራሻ የመጣን ገጽ ውስጥ አይይም። በጣም አስፈላጊ ሕግ ነው፤ እሱ ባይኖር አንዱ ትር ላይ የከፈትነው የማይረባ ገጽ በሌላው ትር ያለውን የባንክ ሂሳባችንን ባነበበ። ሰዎቹ ሕጉን ለመሻገር መሃል ላይ አቀባባይ ሰርቨር አስቀመጡ። ሺንያ ካሳታኒ የተባለ ጃፓናዊ ደግሞ በፋየርፎክስ ላይ የሚጨመር፣ የሰውን እጅ እየተከተለ የሚቀዳ መሣሪያ ሠርቶ በ2006 ለገሠ። ሳይመን ስቱዋርት ሌላ መንገድ መረጠ፦ ገጹ ውስጥ ከመግባት ብራውዘሩን ራሱን ከውጭ መንዳት። ይህን ዌብድራይቨር አለው። ሁለቱ ሥራዎች በ2009 ሊዋሐዱ ተስማሙ፤ ውጤቱ ሴሊኒየም 2 በ2011 ወጣ።

እዚህ ጋ ስለ ፍሬም ሳላነሣ አላልፍም፤ ብዙ ጊዜ የሚያስለቅሰው እሱ ስለሆነ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አንድ ገጽ በሆዱ ሌላ ገጽ መያዝ ይችላል። የካርድ ቁጥር የምንጽፍበት ሳጥን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ ሱቁ የራሱ ገጽ አለው፣ ሳጥኑ ግን ከክፍያ ኩባንያው የመጣ ሌላ ገጽ ነው። ለዓይናችን አንድ ነው፤ ለስክሪፕቱ ግን ሳሎኑና ተከራይ ያለበት ክፍል ናቸው። ስክሪፕቱ ሳሎን ቆሞ ቢፈልግ «የለም» ይላል፤ ውሸትም አልተናገረም። መጀመሪያ ወደ ፍሬሙ ግባ ተብሎ መታዘዝ አለበት። ሲጨርስም ውጣ መባል አለበት፤ አለዚያ ቀጥሎ ያለውን ነገር ሁሉ እዚያችው ክፍል ውስጥ ሆኖ ይፈልገዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰኔ 5 ቀን 2018 የድረ ገጽን ደንብ የሚያወጣው ደብሊውሥሪሲ ዌብድራይቨርን በይፋ ደንብ አደረገው። በዚያ ደንብ ውስጥ ሦስት የትዕግሥት ልኮች አሉ። ሁለቱን ልንገራችሁ። ገጹ ተከፍቶ እስኪያልቅ ማሽኑ የሚታገሠው 300 ሴኮንድ ነው፤ አምስት ደቂቃ ሙሉ። አንድን ቁልፍ ለመፈለግ የሚታገሠው ግን ዜሮ ነው። አዎ፣ ዜሮ። ሌላ ልክ ካልሰጠሽው አንዴ ያያል፣ ከሌለ «የለም» ብሎ ይመልሳል።

እንደ እኔ እንደ እኔ የብዙዎቹ ጭንቀት ሥር እዚህ ነው። ለገጹ አምስት ደቂቃ፣ ለቁልፉ ዜሮ መባሉ የደብዳቤውን ዘመን አስተሳሰብ ያስታውሰኛል፦ ፖስታው ከደረሰ ሌላ ምን ይጠበቃል? የዛሬ ገጽ ግን «ተከፍቻለሁ» ካለም በኋላ ይሠራል። እናም «የለም» ማለት «በዚህች ቅጽበት፣ በቆምኩበት ቦታ፣ በሰጠሽኝ አድራሻ አላገኘሁም» ከማለት አያልፍም። ለዘለዓለም የለም አላለሽም።

መድኃኒቱን ሁሉም በመጀመሪያ የሚያገኘው በተሳሳተ በር በኩል ነው፦ «አምስት ሴኮንድ ተኛ» ብሎ ማዘዝ። ኔትወርኩ ደህና በሆነ ቀን አራቱ ሴኮንድ ይባክናል፤ ቀፋፊ በሆነ ቀን ደግሞ አምስቱም አይበቃም። ትክክለኛው «ቁልፉ እስኪታይ ጠብቅ፣ ግን ከ15 ሴኮንድ አትለፍ» ማለት ነው። ማሽኑ ደጋግሞ ያያል፤ ባገኘ ሰዓት ወዲያው ይቀጥላል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ ለሁሉም የሚሆን አጠቃላይ መጠበቂያ አስቀምጣችሁ በዚያ ላይ ለአንዱ ቁልፍ ልዩ መጠበቂያ አትደርቡ። የሴሊኒየም መመሪያ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ 10 እና 15 ሴኮንድ ሲደባለቁ ማሽኑ 20 ላይ ሊያቆም ይችላል። ሁለት ማዳም በአንድ ጊዜ እንደሚያዙት ሠራተኛ ይሆናል።

መጠበቁ ካልፈታው ነገሩ የአድራሻ ነው። ፌስቡክ በ2013 ሪአክትን ለሕዝብ ከለቀቀ ወዲህ ብዙ ገጾች የሚሠሩት በእንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ነው። በዙሪያቸው ካሉት መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ለገጹ ክፍሎች የሚሰጡት ስም ሰው ያወጣው ስም አይደለም፤ ማሽን ያበጀው የፊደልና የቁጥር ዝብርቅ ነው፣ ገጹ በታደሰ ቁጥር ሊቀየር ይችላል። ስክሪፕቷ በትናንት ስም ስትጣራ ዛሬ የሚመልስ የለም። «ከላይ ሦስተኛው ሳጥን፣ በውስጡ ሁለተኛው፣ ከዚያ አራተኛው» የሚለው ረጅም አድራሻም እንዲሁ ነው፦ አንድ ማስታወቂያ መሃል ሲገባ ቆጠራው ሁሉ ይፈርሳል። በተቻለ መጠን የማይለወጥ መለያ ያለውን፣ ከሌለም ከሳጥኑ ጎን የተጻፈውን ስም መያዝ ይሻላል።

በጽሑፍ መፈለግ ግን እኛ ባለንበት አገር የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ ገጽ ዐረብኛም እንግሊዝኛም ነው፤ የትኛው እንደሚከፈት በብራውዘሩ የቋንቋ ምርጫ ሊወሰን ይችላል። በእጅ ስትከፍቺው «ሎግ ኢን» ያለሽ ቁልፍ፣ ስክሪፕቱ በከፈተው አዲስ ብራውዘር ላይ «ተስጂል አድ-ዱኹል» ሆኖ ይጠብቅሻል። ቁልፉ አለ፤ ስሙ ነው የተለወጠው። እዚህ ያለ ሐበሻ ይህን ለመረዳት ማስረጃ አያስፈልገውም፤ ስንቶቻችን በኢቃማችን ላይ ስማችን በሌላ ፊደል ተጽፎ ሲጠሩን ሳንሰማ ቀርተናል?

የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ መልስ አለ፦ «ስቴል ኤለመንት»፣ የቆየ፣ ያለፈበት እንደማለት። ስክሪፕቱ ቁልፉን አግኝቶ ያዘው፤ ከመጫኑ በፊት ግን ገጹ ያንን ክፍል አፍርሶ ተመሳሳዩን እንደገና ሠራ። መልኩ አንድ ነው፣ እጁ ላይ ያለው ግን የፈረሰው ቤት ቁልፍ ነው። እንደገና መፈለግ እንጂ መደጋገም አያዋጣም።

አለ ግን የማይታይም አለ። በስልክ ስንከፍት ሦስት መስመር ጀርባ የሚደበቀውን ዝርዝር ታውቁታላችሁ። ስክሪፕት ያለ መስኮት፣ ከጀርባ ሲሠራ የመስኮቱ ልክ ጠባብ ሊሆን ስለሚችል ገጹ የስልክ መልኩን ይሰጠዋል፤ እናንተ በሰፊው ስክሪን ያያችሁት ቁልፍ ተደብቋል። የመስኮቱን ስፋት መወሰን ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃል። «ሻዶው ዶም» የሚባለው ጥላ ደግሞ የገጹን ክፍል ሆን ብሎ ከሌላው የሚከልል ግድግዳ ነው፤ በ2021 የወጣው ሴሊኒየም 4 የሚገባበትን ቀጥተኛ በር ሰጥቷል።

አንዳንዴ ደግሞ ገጹ ራሱ ነው የተቀየረው። በ2018ቱ ደንብ መሠረት በዌብድራይቨር የሚነዳ ብራውዘር ገጹ ሲጠይቀው «እየተነዳሁ ነው» ብሎ እውነቱን መናገር አለበት። ገጹም ይህን ሰምቶ የተለመደውን ቅጽ በመስጠት ፈንታ «ሰው መሆንህን አረጋግጥ» የሚል ሥዕል ሊያቀርብ ይችላል። ያን ጊዜ ቁልፉ በእውነት የለም፤ እሱን ለመሸወድ መሞከርም የእኛ ሥራ አይደለም። ቀጠሮ በማሽን እናስይዝላችኋለን እያሉ የፓስፖርት ቁጥርና የይለፍ ቃል የሚሰበስቡ ደላሎች አሉ፤ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ቀጠሮው ቢገኝ ባይገኝ የእናንተ ቁጥር እነሱ ዘንድ ይቀራል። መሣሪያው የተሠራው የራስን ገጽ ለመፈተን ነው፤ የምንማረውም ለዚያ ነው።

ማይክሮሶፍት በጥር 2020 ያወጣው ፕሌይራይት፣ ጉግል ውስጥ በ2017 ፓፔቲርን ከሠሩት ሰዎች አንዳንዶቹ ያሉበት ሥራ፣ የዜሮውን ትዕግሥት ቀይሮታል። ከመጫኑ በፊት ቁልፉ መታየቱን፣ መንቀሳቀስ ማቆሙን፣ በሌላ ነገር አለመሸፈኑን ራሱ ያያል፤ በልማድ እስከ 30 ሴኮንድም ይታገሣል። የአድራሻውን፣ የቋንቋውንና የፍሬሙን ነገር ግን እሱም አይገምትልሽም።

የኔዋን ልጅ ያስቸገራት በመጨረሻ የፍሬም ነገር ሆኖ ተገኘ። ያወቅነው ስክሪፕቱ «የለም» ባለበት ቅጽበት የገጹን ፎቶ እንዲያነሣ አንድ መስመር ጨምረን ነው። ፎቶው ላይ ቁልፉ አለ፤ የገጹን ኮድ ስንከፍት ደግሞ በሌላ ገጽ ሆድ ውስጥ ተቀምጧል። ወደ ፍሬሙ የምታስገባዋን መስመር እሷው ጻፈች፣ ሠራላት። በሚቀጥለው ዕረፍት የመጠበቂያውን ክፍል ለሌሎቹ እሷ ናት የምታሳያቸው።