የአጥንት ደም ማቆሚያ ቁሳቁሶች በአጥንት መጠገን ላይ የሚያሳድሩት ተጽእኖ

በቀዶ ህክምና ወቅት ከተቆረጠ አጥንት የሚፈስን ደም ለማስቆም የሚያገለግሉ አንዳንድ ቁሳቁሶች የአጥንቱን መልሶ መጋጠም ሊያዘገዩ፣ አልፎ አልፎም ጨርሶ ሊከለክሉ እንደሚችሉ በዘርፉ የተካሄዱ ጥናቶች ያመለክታሉ። ልዩነቱን በዋናነት የሚወስነው ቁሳቁሱ ደሙን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያቆም ሳይሆን ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ በአጥንቱ ውስጥ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ነው።

ከአጥንት የሚፈስ ደም ከሌላው የሰውነት ክፍል ደም ለማቆም ይከብዳል። በጡንቻ ወይም በቆዳ ውስጥ የተቆረጠ የደም ስር ራሱ ይኮማተራል፤ ቀዶ ሐኪሙም በክር ሊቋጥረው ወይም በኤሌክትሪክ ሊተኩሰው ይችላል። በአጥንት ውስጥ የሚያልፉ ጥቃቅን የደም ስሮች ግን በጠንካራ ቦዮች ውስጥ ስለሚገኙ እንደልብ አይኮማተሩም፣ ለመቋጠርም አይመቹም። በተለይ እንደ ደረት፣ ዳሌና አከርካሪ ባሉት አጥንቶች ስፖንጅ መሰል ክፍል ደሙ ከአንድ ነጥብ ሳይሆን ከተቆረጠው ገጽ ሁሉ ይመነጫል።

ለዚህ ችግር እስከ ዛሬ በስፋት የሚሠራበትን መፍትሔ ያስተዋወቁት እንግሊዛዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ቪክቶር ሆርስሊ ናቸው። ሆርስሊ እ.ኤ.አ በ1892 ይፋ ያደረጉት ቅይጥ 7 እጅ የንብ ሰም፣ 1 እጅ የአልመንድ ዘይትና አንድ በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ የያዘ ነበር። ከኢትዮጵያ የወጪ ንግድ ምርቶች አንዱ የሆነው የንብ ሰም ዛሬም የአጥንት ሰም ዋነኛ ግብአት ነው። ሌሎቹ ግብአቶች እንደ አምራቹ የሚለያዩ ሲሆን ፓራፊን ወይም አይሶፕሮፒል ፓልሚቴት ማለስለሻ ሆኖ ይጨመራል።

የአጥንት ሰም ደምን የማርጋት ባህርይ የለውም። የሚሠራው እንደ ውታፍ ነው። ሐኪሙ በጣቱ አለስልሶ በአጥንቱ ቀዳዳዎች ላይ ሲጫነው መውጫው ይዘጋል፣ ደሙም ከበስተኋላው ይረጋል። ዋጋው አነስተኛ፣ አጠቃቀሙም ቀላል በመሆኑ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ከቀዶ ህክምና ክፍል አልወጣም።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አጥንት ሲሰበር ወይም ሲቆረጥ በስፍራው የሚረጋው ደም ቆሻሻ ሳይሆን የጥገናው መሠረት ነው። ጥገናውን የሚጀምሩት ህዋሳት የሚሰባሰቡት በዚሁ የረጋ ደም ውስጥ ሲሆን አዳዲስ የደም ስሮችም በዚያው ያልፋሉ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ለስላሳ ድልድይ ይሠራል፤ ድልድዩም ቀስ በቀስ ወደ ጠንካራ አጥንት ይለወጣል። ሰም በሁለቱ የአጥንት ጫፎች መካከል ከገባ ይህ ድልድይ የሚያልፍበት መንገድ ይዘጋል። ሰውነት ሰምን ሟሙቶ ወይም ተፈጭቶ እንዲወገድ ማድረግ ስለማይችል ቁሳቁሱ ለዓመታት በስፍራው ሊቆይ ይችላል። በዙሪያውም ሥር የሰደደ ብግነትና ባዕድ አካልን የሚከብ እብጠት ሊፈጠር ይችላል።

እ.ኤ.አ በ2008 በጥንቸሎች የደረት አጥንት ላይ የተካሄደ ጥናት ልዩነቱን በግልጽ አሳይቷል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሰም የተቀባው አጥንት በአግባቡ ሳይገጥም ሲቀር፣ በውሃ የሚሟሟ ቁሳቁስ የተቀባው ግን ምንም ካልተቀባው ጋር ተመሳሳይ በሆነ ሁኔታ ድኗል። ሰም አጥንት ባክቴሪያን የማጽዳት አቅሙን እንደሚቀንስም ቀደም ሲል እ.ኤ.አ በ1981 በእንስሳት ላይ የተደረገ ጥናት አመልክቶ ነበር። ሆኖም በልብ ቀዶ ህክምና ታካሚዎች ላይ የተደረጉ ንጽጽሮች በእንስሳት ላይ የታየውን ያህል የጎላ ልዩነት ሁልጊዜ ስላላሳዩ፣ የእንስሳቱን ውጤት እንዳለ ወደ ሰው ማሸጋገር አይገባም።

በሰውነት ውስጥ የሚመጠጡ ሌሎች አማራጮችም አሉ። የጄላቲን ስፖንጅ በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ይመጠጣል። ከኮላጅን የሚሠሩ ቁሳቁሶችም በተመሳሳይ በጊዜ ሂደት ይወገዳሉ። ሰርጂሴል በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው ኦክሲዳይዝድ ሴሉሎስ የሚመጠጥ ቢሆንም ከጥንቃቄ ነጻ አይደለም። የምርቱ መመሪያ ራሱ በስብራት ክፍተት ውስጥ ተቀብሮ እንዳይቀር ያዛል፤ ምክንያቱም የአጥንቱን ድልድይ ሊያደናቅፍ ይችላል። ደም ሲጠጣ ስለሚያብጥም በጠባብ የአጥንት ቀዳዳ ውስጥ ከተተወ የህብለ ሰረሰርን ወይም የዓይንን ነርቭ የመጫን አደጋ አለው። “ይመጠጣል” የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በውሃ የሚሟሟው ቁሳቁስ ከአልኪሊን ኦክሳይድ ኮፖሊመር የተሠራ ነው። እንደ ሰም ተለስልሶ ይቀባል፤ ነገር ግን በ48 ሰዓት ገደማ ከቀዶ ህክምናው ስፍራ ሟሙቶ ይወጣል። ደሙ እስኪረጋ ይቆያል፣ ጥገናው ሲጀምር ግን አይገኝም። ዋጋው ከሰም ከፍ ያለ መሆኑ ስርጭቱን ገድቦታል።

ሰም ጨርሶ ይወገድ የሚል አቋም የጋራ መግባባት አላገኘም። የራስ ቅል ጠርዝን ለመዝጋት በሚውልበት ጊዜና አጥንቱ ከሌላ አጥንት ጋር እንዲገጥም በማይጠበቅበት ስፍራ ጠቀሜታው እንደተጠበቀ ነው። የአምራቾች መመሪያም አጥንቱ በፍጥነት እንዲገጥም በሚፈለግበትና በተመረዘ ቁስል ላይ እንዳይውል፣ በሌላውም ቢሆን በትንሹ ተቀብቶ ትርፉ እንዲጠረግ ያሳስባል። በግዥ ዝርዝር ላይ ሁሉም “ደም ማቆሚያ” ተብለው በአንድ መስመር ሲቀመጡ ይህ ልዩነት አይታይም፤ ዋጋ ብቻ የሚያወዳድር ኮሚቴ ምንጊዜም ሰሙን መምረጡ አይቀርም።

በስፍራው የቀረ ሰም በተራ የራጅ ምስል ላይ በግልጽ አይታይም። የቁሳቁሱ ዓይነትና የተቀባበት ስፍራ በቀዶ ህክምናው ማስታወሻ ላይ ካልሰፈረ፣ ታካሚውን ከዓመታት በኋላ የሚያየው ሐኪም በሰሙ ዙሪያ የተፈጠረውን እብጠት ከዕጢ ጋር ሊያምታታው ይችላል።