ስግድ

«ስግድ» ከግእዙ «ሰገደ» የወጣ የቤተ እስራኤል በዓል ስም ነው፤ ምህላም ይሉታል። ከአስተስርዮ ጾም በኋላ በሃምሳኛው ቀን ይውላል። ጎንደር አቅራቢያ ባለችው አምቦበር ሕዝቡ ነጭ ለብሶ፣ ጾሞ፣ ኦሪት የያዙትን ቄሶች ተከትሎ ተራራ ይወጣ ነበር፤ ድንጋይ በራሱ የሚሸከምም ነበር። ከጸሎቱ በኋላ ወርዶ ከዘመድና ከወዳጅ ጋር ይበላ ነበር። የፋሲካን ቂጣ ቤተሰብ በየቤቱ ይበላዋል፤ ስግድ ግን መንደሩን ሁሉ ያገናኛል። በ2008 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ፓርላማ ብሔራዊ በዓል ብሎ ደነገገው፤ ዛሬ ኢየሩሳሌም ላይ በድምቀት ይከበራል። የጌዴኦን የምስጋና በዓል ደራሮን የምታውቁ የፍስሐ ገነት አንባቢዎች፣ በአንድነት ማመስገን ምን እንደሆነ አይጠፋችሁም። ስለዚህ ስግድን «መስገድ» ብለን ብቻ አንፍታው፤ አብሮ ጾሞ አብሮ መብላትም ነው።