የቤት ስም፣ የት/ቤት ስም

ሰሞኑን አንድ ማታ በዶርማችን መብራት ጠፋ። ንባቡ ሲቀር ወሬው መጣ፤ ወሬውም እንደ ልማዱ ወደ ልጅነት ት/ቤት ወሰደን። አንዱ ስለ ደወሉ፣ አንዱ ስለ ሰንደቅ ዓላማው ሰልፍ፣ አንዱ አርፍዶ በር ላይ ስለ መንበርከኩ እያነሣ ስንስቅ ቆየን። በመካከል አንዱ ጓደኛችን የቤቱን ነገር አመጣ። አያቱ «የእቴጌ መነን ልጅ ነኝ» ይላሉ። እናቱ «የየካቲት 12 ልጅ ነኝ» ትላለች። ግቢው ግን አንድ ነው፤ በሩም ያው በር ነው። «ቡና ላይ ሲያወሩ የሰማቸው ሰው እኮ ሁለት ት/ቤት ይመስለዋል» አለን። ሳቅን፤ ኋላ ግን ነገሩ ከነከነን። ለመሆኑ የት/ቤት ስም የማን ነው? የሰጪው ነው ወይስ የተማሪው?

መልሱን ፍለጋ ወደ መጀመሪያው ትምህርታችን እንመለስ። ብዙዎቻችን 1ኛ ክፍል ከመግባታችን በፊት የቄስ ት/ቤት ቀምሰናል። ካርቶን ላይ የተለጠፈው ፊደል፣ መጠቆሚያዋ ስንደዶ፣ መቀመጫው ድንጋይ፣ የየኔታ አለንጋ ከዓይናችን አይጠፋም። ከሀ ሁ ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወደ ዳዊት ይኬዳል። እኛ መንገድ ላይ ቀረን። የገፋበት ተማሪ ግን «ቤት» ወደሚባለው ዓለም ይገባል፦ ንባብ ቤት፣ ቅዳሴ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት። ቤት ሲባል ግንብ እንዳይመስለን። ተማሪው የሚያድረው በሣር ጎጆ ነው፤ የሚበላው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ በየደጁ ለምኖ ያመጣውን ነው። እዚያ ቤት ማለት ትምህርቱ፣ መምህሩና ከመምህር ወደ መምህር የሚወርደው ሐረግ ነው።

እነዚህ ቤቶች ስም አላቸው። በቅኔ ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ ይባላሉ፤ ሦስቱም የቦታ ስሞች ናቸው፤ ሦስቱም የየራሳቸው የቅኔ መንገድ አላቸው። በድጓ የጋይንቷ ቤተልሔም፣ በዝማሬና በመዋሥዕት ዙር አምባ፣ በቅዳሴ ሰላልኩላና ደብረ ዓባይ ይጠራሉ። ጎንደር ላይ ደግሞ የመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ተከፈለ። የታች ቤቱ ትርጓሜ በ18ኛው መቶ ዘመን ከነበሩት ከመምህር ኤስድሮስ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ላይና ታች የአቅጣጫ ስም እንጂ የሹመት ስም አይደለም። የጎንደር ነገሥታት አለፉ፤ ዘመነ መሳፍንት አለፈ፤ ዙፋኑ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ላይ ቤት ግን ላይ ቤት፣ ታች ቤትም ታች ቤት እንደተባሉ እዚህ ደርሰዋል። ስሙን የሰጠው አዋጅ ስላልነበረ የሚሽረውም አዋጅ አልመጣም።

ይህን ስንል ያለፈውን ሁሉ ለማሞገስ አይደለም። ያ ቤት በአብዛኛው ለወንድ ልጅ የተከፈተ ነበር። የጓደኛችን አያት እዚያ ቢሄዱ ኖሮ ከፊደልና ከዳዊት የሚያልፍ ቦታ ማግኘታቸው ያጠራጥራል። እሳቸውን ያስገባቸው ዘመናዊው ት/ቤት ነው። ታዲያ ዘመናዊው ት/ቤት ሲመጣ ስሙን ከየት አመጣ?

ከቤተ መንግሥት ነዋ! በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ዳግማዊ ምኒልክ ት/ቤት ተከፈተ፤ መምህራኑም ካህናቱን እንዳያስቀይሙ ከግብጽ የመጡ ኮፕቶች ሆኑ። በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን ት/ቤት ተከተለ፤ በመጀመሪያ በኃላፊነት የመሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የሴቶቹ እቴጌ መነን ተከፈተ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1938 ዓ.ም. ጄኔራል ዊንጌት ት/ቤት ሥራ ጀመረ፤ ስሙን ያገኘው በ1933 ዓ.ም. ከአርበኞችና ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ከዘመተው እንግሊዛዊ መኰንን ነው። የራሳችን ዩኒቨርሲቲም በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ስም ይዞ ተመረቀ። እንግዲህ ስሙ የመሥራቹ፣ የባለቤቱ ወይም የወዳጁ ሆነ ማለት ነው። ተማሪው ገብቶ ያገኘዋል እንጂ አይመርጠውም።

በኃያላን ስም የቆመ ነገር ዕጣው ከኃያላኑ ጋር ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ ስሞቹም ተከትለው ወረዱ። ተፈሪ መኮንን እንጦጦ ተባለ። እቴጌ መነን የካቲት 12 ተባለ። ዩኒቨርሲቲው አዲስ አበባ ተባለ። ነገሩን ልብ ብሎ ላየው ግን ግራ ያጋባል። የአገሩ ንጉሥ ስም ሲፋቅ የእንግሊዙ ጄኔራል ስም በሩ ላይ ቀረ። እኛ ዛሬም መጽሐፍ ልንዋስ ስንሄድ «ኬኔዲ» እንላለን፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ስም ከአብዮቱም ከደርጉም ተርፏል። ምኒልክም በስሙ ቆየ። እንዲያው አፋቂው በቅርብ የሚያየውን ስም ብቻ የፋቀ ይመስላል።

አዲሶቹ ስሞች ሁሉ መጥፎ ነበሩ ማለት ግን አይቻልም። የካቲት 12ን እንውሰድ። በ1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ የፋሺስት ጦር የአዲስ አበባን ሕዝብ የፈጀበት ቀን ነው። ሐውልቱ ስድስት ኪሎ ቆሟል። ይህን ቀን በስሙ የተሸከመ ት/ቤት ለተማሪው በየጠዋቱ አንድ የታሪክ ትምህርት ይሰጠዋል። በሌላ በኩል የሴት ልጅ ትምህርት ብርቅ በነበረበት ጊዜ በእቴጌዪቱ ስም የተከፈተ ት/ቤትም የራሱ ታሪክ አለው። አንዱን ለመጻፍ ሌላውን መፋቅ ለምን አስፈለገ?

ተማሪው ራሱ ምን አደረገ ቢባል፣ በአፉ ይዞት ቆየ። የድሮዎቹ የተፈሪ መኮንን ተማሪዎች ሸብተውም «ቲ.ኤም.ኤስ.» ይላሉ። በእንግሊዝ አዳሪ ት/ቤቶች ተማሪው «ሀውስ» በሚባል ቡድን ይመደባል፤ ሀውሱም የመምህር ወይም የታዋቂ ሰው ስም ይሸከማል። ለእኛ የደረሰን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው። ሆኖም 6ኛ ሀ ከ6ኛ ለ ኳስ ሲጋጠም ጉሮሯችን እስኪዘጋ ጮኸናል። ዛሬም ታክሲ ውስጥ የተገናኘ የድሮ ጓደኛ «አንተ የለ ልጅ አይደለህም እንዴ?» ይላል። በልጅነታችን ያገኘነው ቤት ይኸው አንድ ፊደል ነበር። እንደ ላይ ቤትና ታች ቤት እሱንም ማንም አልሻረብንም።

የጓደኛችንን ወሬ እንጨርስ። በቅርብ ዓመታት ለዚያ ግቢ እቴጌ መነን የሚለው ስም ተመልሶለታል። አያቱ ሲሰሙ እልል አሉ። እናቱ ግን ሲኒዋን አስቀምጣ፣ «እሺ፣ እኔስ የት ተማርኩ ልበል?» አለች። አያቱ መልስ አጡ፤ እኛም ሲነግረን መልስ አጣን።

የእኛ ሐሳብ ትንሽ ነው። በየት/ቤቱ በር ላይ ከዛሬው ስም በታች የቀድሞዎቹ ስሞች ከነዓመታቸው ይጻፉ። ቀለምና አንድ ሜትር ጣውላ ይበቃል። እስከዚያው ግን ሥራው የእኛ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ለእረፍት አገርህ ስትገባ የተማርክበትን ት/ቤት ዘበኛ፣ ጡረታ የወጡትን መምህር፣ ሰፈር ያሉትን እማማ ጠይቅ፤ ስሞቹን ከድሮው ጀምረህ በወረቀት ጻፍና አምጣልን። በሚቀጥለው እትም እናወጣቸዋለን። የጓደኛችን እናት የተማረችበትም በዝርዝሩ ውስጥ ይኖራል።