ከፍታና ነዳጅ፤ የዘላቂነት ጥያቄ በኢትዮጵያ አየር ትራንስፖርት

አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ምዕተ ዓመት ገዳም ከመሠረቱበት ከሐይቅ ተነሥቶ በአየር ለመጓዝ የሚሻ መንገደኛ፣ ደሴን አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ኮምቦልቻ ከደሴ ሲያዩት ቆላ ቢመስልም የአውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። የአዲስ አበባው ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ክንፍ የማንሳት ኃይሉ፣ ሞተርም ጉልበቱ ይቀንሳል። እንግዲህ «ዘላቂነት» የሚለው ቃል ከመለመዱ አስቀድሞ፣ ክብደትንና ነዳጅን በኪሎ እየቆጠሩ መብረር በኢትዮጵያ የተፈጥሮ ግዴታ ነበር።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ የተገለገለው በባለ ፒስተን ሞተር ሲ-47 አውሮፕላን ነበር። በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት ቦይንግ 720ቢ ጀቶች ከ707 ያጠሩና የቀለሉ ሲሆኑ፣ ቱርቦፋን ሞተራቸው ከቀደሙት የጀት ሞተሮች ያነሰ ነዳጅ ይፈጅ ነበር። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ 12,082 ኪሎ ሜትር ያለ ማቋረጥ በርሮ አዲስ አበባ ሲገባ፣ የአራት ሞተር ሥራ በሁለት ሞተር ሊሠራ መቻሉን አስመሰከረ። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የገባው ቦይንግ 787 ደግሞ ከአካሉ ክብደት ግማሽ ያህሉ ከብረታ ብረት ሳይሆን ከካርቦን ክር ውሕድ የተሠራ ነው።

ይሁን እንጂ የአንድ አውሮፕላን ቁጠባ የኢንዱስትሪውን ዕዳ አይከፍልም። አንድ ኪሎ የጀት ነዳጅ ሲቃጠል ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ 3.16 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ የበረራው ቁጥር ከቁጠባው ፈጥኖ ሲያድግ ጠቅላላው ጭስ ይጨምራል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2015 ዓ.ም. የተጣራ የካርቦን ልቀትን እ.ኤ.አ. በ2050 ዜሮ ለማድረስ የወሰነው ስለዚህ ነው። የአየር ንብረት መዛባት ዋጋ ደግሞ በትኬት ላይ አይጻፍም፤ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ያደቀቀው የወሎ ገበሬ አውሮፕላን ሳይሳፈር ከከፋዮቹ አንዱ ይሆናል።

የዘላቂነት አስተዳደርም ከዕለት ሥራ ይጀምራል፦ ከመጠባበቂያው በላይ አላስፈላጊ ነዳጅ አለመሸከም፣ የሞተርን መጭመቂያ በወቅቱ ማጠብ፣ መንገድን ማሳጠር፣ አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ረዳት ሞተሩን ከማንደድ በአብዛኛው ከውኃ ኃይል በሚገኘው ኤሌክትሪካችን መጠቀም። ከፍታው ያስተማረው የኪሎ ሒሳብ ዛሬ አንድ ዓምድ ይጨመርበታል፤ ይኸውም በረራው ላልተሳፈረው ሰው የሚያስተርፈው ጭስ ነው። ይህ ዓምድ ባዶ ሆኖ የሚዘጋ መዝገብ፣ ትርፍ ቢያሳይም ሒሳቡ አልተዘጋም።